ቶማስ ጎልድ፤ ከጆሮ እስከ ኒውትሮን ኮከብ

ሳይንስ በዘመናችን እንደ እርሻ መሬት በድንበር ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ባለሙያ የየድርሻውን ማሳ ያርሳል፤ የድንበሩን ድንጋይ አልፎ ወደ ጎረቤቱ ማሳ በሬውን የሚያስገባ ሰው ግን አቤቱታ ይነሣበታል። ቶማስ ጎልድ ከሃምሳ ዓመት በላይ በዘለቀው የሥራ ዘመኑ ይህን ድንበር ሲሻገር የኖረ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማረው የሜካኒክስ ምሕንድስና ነበር። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዐቢይ ጥናቱ የሰው ጆሮ ድምፅን እንዴት እንደሚለይ የሚመረምር ነው፤ የዓለም ዝና ያተረፈለት ስለ ከዋክብት የሰጠው ማብራሪያ ነው፤ በስተርጅናው ከብዙዎች ጋር ያከራከረው ደግሞ ስለ ነዳጅ ዘይት አመጣጥ ያቀረበው ሐሳብ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር በያዘ ጊዜ የዶክትሬት ዲግሪ እንኳ አልነበረውም።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎልድ በ1920 በቪየና ከተማ ተወለደ። አባቱ በማዕድንና በብረታ ብረት ሥራ የታወቀ ባለሀብት ሲሆን፣ ቤተሰቡ የአይሁድ ዘር ስለነበረ ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ይኖሩበት ከነበረው ከበርሊን ለቀው ወጡ። ልጁ በስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1939 በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። ጦርነቱ ሲፋፋም የእንግሊዝ መንግሥት የኦስትሪያና የጀርመን ተወላጆችን ሁሉ፣ ከሂትለር የሸሹትን ሳይቀር፣ እንደ ጠላት አገር ዜጋ ቆጥሮ ሰብስቦ አሰረ። ጎልድም በ1940 ታስሮ በኋላ ወደ ካናዳ ካምፕ ተጋዘ። በእስሩ መጀመሪያ ሌሊት ከአጠገቡ የተኛው እንደርሱ የቪየና ተወላጅና የትሪኒቲ ተማሪ የሆነው የሂሳብ ሊቅ ኸርማን ቦንዲ ነበር። የሁለቱ ወዳጅነት በዚያ ተጀመረ። ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ ሲመለስ ትምህርቱን ቀጥሎ በ1942 ተመረቀ፤ ያገኘውም ዲግሪ ያለ ማዕረግ የሚሰጠው ተራ ዲግሪ ነበር።

የጎልድ ዕውነተኛ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ከሐቅ የራቀ አይሆንም። ትናንት በጠላትነት አስሮት የነበረው መንግሥት ለባሕር ኃይሉ የራዳር ምርምር ቀጠረው። የክፍሉ ኃላፊ ፍሬድ ሆይል የተባለ የአስትሮፊዚክስ ተመራማሪ ሲሆን ቦንዲም በዚያው ይሠራ ነበር። ሦስቱ ሰዎች በሰሪ አውራጃ በምትገኘው ደንስፎልድ መንደር በአንድ ቤት እየኖሩ ቀን ስለ ራዳር፣ ማታ ስለ ከዋክብት ይከራከሩ ነበር። አንዱ የሂሳብ ሰው፣ ሁለተኛው የከዋክብት ሰው፣ ሦስተኛው የመሣሪያ ሰው ነው። ጎልድ በእነዚያ ዓመታት ያካበተው ዕውቀት ደካማ ምልክትን ከብዙ ጫጫታ መካከል ነጥሎ የማውጣት ጥበብ ነበር። ይህንኑ ዕውቀት ይዞ በቀጥታ የገባው ማንም ወዳልጠበቀው ሥፍራ፣ ወደ ሰው ጆሮ ነው።

በጊዜው ስለ ጆሮ የነበረው ችግር እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል፣ ኮክሊያ የተባለ ክፍል ይገኛል። ውስጡ በፈሳሽ የተሞላ ሲሆን በርዝመቱ ላይ አንድ ስስ ሽፋን ተዘርግቷል። የጀርመኑ ሊቅ ኸልምኾልትስ በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ ገመተው ይህ ሽፋን እንደ ተቃኘ የክር መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ ለአንድ ቃና ብቻ ይርገበገባል። ሐሳቡ ውብ ቢሆንም ከባድ ተቃውሞ ነበረበት። ክራር በውኃ ውስጥ ተነክሮ ቢመታ አይዘፍንም፤ ውኃው ንዝረቱን ወዲያው ያረግበዋል። በፈሳሽ ውስጥ የተጠመቀ የጆሮ ሽፋንስ እንዴት ቃናን ከቃና በጥራት ሊለይ ይችላል? የሃንጋሪው ተወላጅ ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ የሞቱ ሰዎችን ጆሮ ከፍቶ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት በእርግጥም ሽፋኑ ሰፊና ዝርግ በሆነ ማዕበል ሲንቀሳቀስ እንጂ በአንድ ነጥብ ሲርገበገብ አላየም። ስለሆነም ጆሮ በጥሬው የሚለየው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን የሚያጣራው አንጎል ነው የሚለው አስተሳሰብ የበላይነቱን ያዘ።

ጎልድ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይሉ ምርምር ባልደረባ ከነበረው ከእንስሳት ጥናት ሊቁ ከሪቻርድ ፐምፍሪ ጋር ሆኖ ነገሩን በሌላ ዘዴ ፈተነው። ሥጋ ሳይቆርጡ፣ በሕይወት ላሉ ሰዎች አጫጭር የድምፅ ምቶችን በመካከላቸው ጸጥታ እያስገቡ አሰሙ። በአንደኛው ተከታታይ ምት የማዕበሉ ሂደት ካለፈው ጋር ይገጥማል፤ በሁለተኛው ደግሞ በየተራው ይገለበጣል። በጆሮ ውስጥ ያለው ንዝረት በጸጥታው ጊዜ ረግቦ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ለሰሚው አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር። ነገር ግን ሰሚዎቹ ልዩነቱን ለዩ። ስለዚህ በጆሮ ውስጥ ያለው ነገር ፈሳሹ ከሚፈቅድለት ጊዜ በላይ ይርገበገባል ማለት ነው።

ይህን ውጤት አንድ የሕክምና ሰው ቢያየው ምናልባት በሙከራው ስሕተት ይፈልግ ነበር። የሬዲዮ ሰው የሆነው ጎልድ ግን መልሱን ከሥራው ጠረጴዛ ላይ አገኘው። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1914 የባለቤትነት መብት ባገኘበት የሬዲዮ መቀበያ፣ ከማጉያው ቫልቭ የሚወጣው ኃይል ከፊሉ ወደ መግቢያው ተመልሶ በመቃኛው ወረዳ ውስጥ በተቃውሞ የሚጠፋውን ኃይል ይተካል። ምልክቱ ይጎላል፤ ጣቢያን ከጣቢያ የመለየት ችሎታውም ይጨምራል። ጎልድም የጆሮ ሕዋሳት እንዲሁ መሆን አለባቸው አለ፤ ድምፅን ተቀብለው ለነርቭ የሚያስተላልፉ ብቻ ሳይሆኑ፣ ሰውነት የሚሰጣቸውን ኤሌክትሪካዊ ኃይል ወደ እንቅስቃሴ ለውጠው ፈሳሹ የሚያጠፋውን ንዝረት የሚተኩ ናቸው። ጆሮ ማይክሮፎን ብቻ ሳይሆን የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው ማጉያ ነው ማለት ነው። ሐሳቡ በ1948 በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ታተመ።

እንዲህ ዓይነት የሬዲዮ መቀበያ ያስተካከለ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጠባይ አለ። የሚመለሰው ኃይል ከልክ ካለፈ መቀበያው ምንም ጣቢያ ሳይኖር በራሱ ያፏጫል። እንግዲህ የጎልድ ሐሳብ ልክ ከሆነ ጆሮም አልፎ አልፎ ማፏጨት አለበት፤ ከጆሮ ውጪ የተቀመጠ ማይክሮፎንም ይህንኑ ድምፅ መያዝ ይኖርበታል። ጎልድ ሞከረ፤ የዘመኑ ማይክሮፎን ግን ለዚህ የሚበቃ ስሜት አልነበረውምና ምንም አልያዘም። በጆሮ ጥናት የተሰማሩት ሊቃውንትም ነገሩን እንደ እንግዳ ሰው ጨዋታ ቆጥረው አለፉት። በ1961 ቤኬሺ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የሚያስገርመው ቤኬሺም ቢሆን ከሃንጋሪ የቴሌፎን ላቦራቶሪ የመጣ የፊዚክስ ሰው እንጂ ሐኪም አለመሆኑ ነው። የቤኬሺ ልኬት ትክክል ነበር፤ የለካው ግን ኃይሉ የተቋረጠበትን መሣሪያ ነው።

በ1971 ዊልያም ሮድ በሕይወት ባለ ዝንጀሮ ጆሮ ላይ ሲለካ የሽፋኑ አነዛዘር በደካማ ድምፅ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ የጎላ ሆኖ አገኘው፤ እንስሳው ሲሞት ይህ ጠባይ ጠፋ። በ1978 ደግሞ በለንደን የሚሠራው ዴቪድ ኬምፕ አነስተኛ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን በሰው ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ አጭር ምት ሲያሰማ፣ ከጥቂት ሺኛ ሴኮንዶች በኋላ ከጆሮው የሚመለስ ድምፅ አገኘ። የአንዳንድ ሰው ጆሮ ምንም ምት ሳይሰማም ያፏጫል። ሐሳቡ ከታተመ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። በ1985 የውጭኛው ረድፍ የጸጉር ሕዋሳት በኤሌክትሪክ ሲነኩ የሚያጥሩና የሚረዝሙ መሆናቸው ታወቀ፤ ይህም ጎልድ የጎደለውን የማሽኑን ክፍል ሰጠ። አራስ ሕፃን ተኝቶ ሳለ መስማት መቻሉን የሚመረምረው፣ በብዙ አገሮች የማዋለጃ ክፍሎች የሚሠራበት መሣሪያ የሚያዳምጠው ይህንኑ ከጆሮ የሚመለስ ድምፅ ነው። ሕፃኑ እንዲመልስ የሚጠየቀው ነገር የለም፤ ጆሮው ራሱ ይመልሳል።

የጆሮው ጥናት በታተመበት በዚያው በ1948 ጎልድ ከቦንዲ ጋር ሆኖ ስለ ዓለማት አመጣጥ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ጋላክሲዎች እርስ በርሳቸው የሚራራቁ ቢሆንም በመካከላቸው አዲስ ቁስ አካል ያለማቋረጥ ስለሚፈጠር ጠፈር ምንጊዜም አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም የሚል ነበር። ሆይልም በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ንድፈ ሐሳብ አሳተመ። የሐሳቡ ጥንካሬ ለፈተና ራሱን ማቅረቡ ነው፤ የትናንቱ ጠፈር ከዛሬው ተለይቶ ከታየ ይወድቃል። ተለይቶም ታየ። የካምብሪጁ ማርቲን ራይል የሬዲዮ ምንጮችን ሲቆጥር በሩቅ፣ ማለትም በጥንቱ ዘመን፣ የበዙ ሆነው አገኛቸው፤ በ1965 ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚመጣው የጥንት ሙቀት ቅሪት ሲገኝ ክርክሩ በተግባር አበቃ። ሆይል ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተቀበለውም።

በዚሁ ሙግት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። በ1951 በለንደን በተደረገ ስብሰባ ጎልድ የሬዲዮ ማዕበል የሚልኩት ምንጮች ከራሳችን ጋላክሲ ውጪ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ሲናገር አጥብቆ የተቃወመው ራይል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ቫልተር ባደ ከእነዚህ ምንጮች አንዱ ሩቅ ጋላክሲ መሆኑን አስታወቀ፤ ራይልም ተረታ። እንግዲህ የጎልድን ንድፈ ሐሳብ ያፈረሰው ቆጠራ ሊደረግ የቻለው ጎልድ ራሱ በትክክል የገመተው ነገር ስለተረጋገጠ ነው።

ጎልድ በ1952 ከካምብሪጅ ወጥቶ በግሪንች ንጉሣዊ የከዋክብት መመልከቻ ተቀጠረ። በዚያም ሳለ የምድር የመሽከርከሪያ ዘንግ በጂኦሎጂ ዘመናት ውስጥ ከሥፍራው ሊዞር እንደሚችል፣ የጨረቃም ገጽ በደቃቅ ዱቄት የተሸፈነ መሆኑን የሚያስረዱ ጽሑፎችን አወጣ። ከአዲሱ አለቃ ጋር ባለመስማማቱ በ1956 ሥራውን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ለጥቂት ጊዜ በሃርቫርድ ቆይቶ በ1959 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ምድርን የከበበው መግነጢሳዊ ግዛት ዛሬ የሚጠራበትን ማግኔቶስፌር የሚለውን ስም ያወጣው በዚሁ ዓመት ነው።

የኮርኔል ዘመኑ ለመሐንዲሶች ልዩ ትርጉም አለው። ጎልድ በዚያ ያቋቋመውና እስከ 1981 በዲሬክተርነት የመራው የሬዲዮ ፊዚክስና የጠፈር ምርምር ማዕከል፣ የከዋክብት ተመራማሪዎችንና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘ ነበር። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህሩ ዊልያም ጎርደን የምድርን ላይኛ አየር በራዳር ለማጥናት አስቦ፣ በፖርቶ ሪኮ ደሴት በአሬሲቦ አቅራቢያ በተራሮች መካከል ባለ የተፈጥሮ ጎድጓዳ ሥፍራ ላይ 305 ሜትር ስፋት ያለው አንቴና አሠራ። በ1963 ተመርቆ ሥራ የጀመረው ይህ መሣሪያ በ2020 ተንዶ እስኪወድቅ ድረስ ያገለገለ ሲሆን፣ ማንም አስቀድሞ ላላሰበው ጥያቄ መልስ የሰጠው በተመረቀ በአምስት ዓመቱ ነው።

በ1967 መጨረሻ በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪዋ ጆስሊን ቤል ከመምህሯ ከአንቶኒ ሂዊሽ ጋር በምትሠራበት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በየ1.337 ሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚመታ ምልክት አገኘች። ምቱ ከብዙ ሰዓቶች የበለጠ ትክክለኛነት ነበረው። ግኝቱ በ1968 መጀመሪያ ሲታተም የዓለም ሊቃውንት ማብራሪያ ለመስጠት ተሽቀዳደሙ። ጎልድ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ አጭር ነበር፤ ምንጩ በፍጥነት የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ መግነጢሳዊ ኃይሉ አብሮት ስለሚዞር ጨረሩ እንደ ባሕር መብራት እየዞረ ምድርን ይጠርጋል። የኒውትሮን ኮከብ ማለት ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ አካል ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ኳስ ውስጥ የተጨመቀበት የሞተ ኮከብ ነው። በወቅቱ በወረቀት ላይ እንጂ በሰማይ አልታየም ነበር። ጎልድ ራሱ እንደ ተረከው በዚያ ዓመት ስለ ፑልሳሮች በተደረገው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ይህን እንዲናገር ጊዜ ጠይቆ፣ ሐሳቡ ከልክ ያለፈ ነው ተብሎ ተከልክሏል።

የጽሑፉ ኃይል ግን በምስሉ ላይ አልነበረም። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ሰዓት ሊሰጡ የሚችሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሁለት አካላት እርስ በርስ ሲዞሩ፣ አንድ ኮከብ ሲያብጥና ሲኮማተር፣ ወይም አንድ ኮከብ ሲሽከረከር። ሁለት አካላት ኃይል ሲያጡ እየተቃረቡ ስለሚፈጥኑ ምቱ እያጠረ ይሄዳል። የሚሽከረከር አካል ግን እንደ ሞተር ከባድ መንኰራኩር በውስጡ ያከማቸውን ኃይል ሲከፍል እየዘገየ ይሄዳል፤ ምቱ ይረዝማል። ስለዚህ ጎልድ ሁለት ነገር ፈልጉ አለ፤ የፑልሳሮች ምት በጥቂት በጥቂቱ መርዘም አለበት፤ እንዲሁም ከታወቁት እጅግ የፈጠኑ ፑልሳሮች መገኘት አለባቸው።

ብዙም አልቆየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክራብ በተባለው ኔቡላ መካከል ፑልሳር ተገኘ፤ ይህ ኔቡላ የቻይና ሊቃውንት በ1054 ሲፈነዳ አይተው የመዘገቡት ኮከብ ቅሪት ነው። ምቱ 33 ሺኛ ሴኮንድ መሆኑን የለካው የአሬሲቦ አንቴና ነበር። ነጭ ድንክ የሚባሉት ኮከቦች በዚህ ፍጥነት ቢሽከረከሩ ተበትነው ያልቃሉ፤ ስለዚህ የኒውትሮን ኮከብ ብቻ ቀረ። ቀጥሎም ምቱ በቀን በ36 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል እየረዘመ መሆኑ በዚያው አንቴና ተለካ። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ሲሰላ ኮከቡ በመዘግየቱ የሚያጣው ኃይል ፀሐይ ከምታመነጨው 100,000 እጥፍ ያህል ሆነ፤ ይህም ኔቡላው እንዲያበራ ከሚያስፈልገው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ክራብ ኔቡላ ከፈነዳ 900 ዓመት አልፎት እያለ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ የከዋክብት ተመራማሪዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ጣሊያናዊው ፍራንኮ ፓቺኒ ገና ፑልሳር ሳይታወቅ በ1967 የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፎ ነበርና የክብሩ ተካፋይ ነው።

ስለ ጨረቃ ዱቄት የነበረው ጉዳይ በሕዝብ ዘንድ ጎልድን ይበልጥ ያስጠራው ቢሆንም በሳይንስ ደረጃ ያነሰ ነው። ጋዜጦች ሰው ጨረቃ ላይ ሲያርፍ በዱቄት ውስጥ ይሰጥማል ብሏል እያሉ አወሩ። በ1966 ያረፉት ሰው አልባ መንኰራኩሮች አልሰጠሙም፤ በ1969 የአፖሎ 11 መንገደኞችም ጫማቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ገባ። ይሁን እንጂ ገጹ በእርግጥም ደቃቅ ዱቄት ነበር፤ ፎቶግራፉን በቅርብ ያነሣው ልዩ ካሜራም በጎልድ ጥናት የተሠራ ነው። የተሳሳተው በዱቄቱ ጥልቀት ነው። የጨረቃ ጥቁር ሜዳዎች በኪሎ ሜትር በሚቆጠር ዱቄት የተሞሉ ይመስሉት ነበር፤ የመጣው ናሙና ግን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ መሆናቸውን አሳየ።

ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ጎልድ ፊቱን ወደ ምድር ውስጥ መለሰ። የጂኦሎጂ ሊቃውንት ነዳጅ ዘይት ከጥንት ዕፅዋትና እንስሳት ቅሪት የመጣ ነው ይላሉ። የከዋክብት ሰው ግን ሚቴንና ሌሎች የካርቦንና የሃይድሮጂን ውሑዶች ሕይወት በሌለባቸው ሩቅ ፕላኔቶች ላይ በብዛት እንዳሉ ያውቃል። ምድርም ስትሠራ እነዚህን ይዛ ከሆነ ዘይትና ጋዝ ከጥልቅ ወደ ላይ የሚወጡ ናቸው እንጂ ከሕይወት የመጡ አይደሉም፤ የሰው ልጅም ከሚያስበው እጅግ የበለጠ ነዳጅ ከሥሩ አለ ማለት ነው። ሐሳቡ ለጎልድ የመጀመሪያ አይደለም፤ ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭ በ1877 ተመሳሳይ ነገር ጽፏል፣ በሶቪየት ኅብረትም ተከታዮች ነበሩት። በነዳጅ ችግር ለተጨነቀው ዓለም ግን ተስፋው ትልቅ ነበርና ሰሚ አገኘ።

ጎልድ እዚህም ፈተና አዘጋጀ። በስዊድን ሲልያን በሚባል ሥፍራ ከ370 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጠፈር ድንጋይ ወድቆ የሰነጠቀው የግራኒት ምድር አለ። በግራኒት ውስጥ የሕይወት ቅሪት ስለማይኖር ከዚያ ዘይት ከወጣ ክርክሩ አበቃ። የስዊድን መንግሥት የኃይል ድርጅትና የግል ባለገንዘቦች ወጪውን ችለው ከ1986 ጀምሮ ሁለት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ የመጀመሪያው ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ዘለቀ። የወጣው 80 በርሚል ያህል ዘይት ነው። ጎልድ ይህን ማስረጃዬ ነው አለ። ተቃዋሚዎቹ ግን በግራኒቱ ዙሪያ ባለው ቀለበት የጥንት የባሕር ደለል አለ፤ ዘይትም ድሮ ጀምሮ ያንጠባጥባል፤ ከዚያ ወደ ስንጥቁ ሊገባ ይችላል፤ በቁፋሮው ጭቃ ውስጥም ዘይት ተጨምሯል አሉ። ለንግድ የሚበቃ ነገር ባለመገኘቱ ሥራው ቆመ።

የክራቡን ልኬት ከሲልያን ጉድጓድ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ መሐንዲስ ልዩነቱን ለማየት አይቸገርም። ለፑልሳሩ አስቀድሞ የተነገረው የምቱ መርዘም አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ምቱ ቢያጥር ኖሮ ጎልድ ወዲያው በተሸነፈ ነበር። ከሲልያን የወጣው ዘይት ግን በሁለቱም ወገን ሊነበብ ይችላል፤ የቁፋሮው ፈሳሽ ራሱ ናሙናውን በሚነካበት ጉድጓድ 80 በርሚል ማንንም አይረታም። ከዚህም በላይ የጂኦሎጂ ሊቃውንት ስለ ጆሮ ከተከራከሩት ሊቃውንት የተለዩ ነበሩ፤ በዘይቱ ውስጥ የሚገኙት ከሕዋሳት ሽፋን የመጡ ሞለኪውሎችና የካርቦኑ ዓይነቶች መጠን የመሰከሩላቸውን ይዘው ነበር የቆሙት። ጎልድ ሠላሳ ዓመት ጠብቆ በጆሮው ጉዳይ መርታቱ፣ በዚህኛውም እንዲሁ እረታለሁ የሚል እምነት ሳያሳድርበት አልቀረም።

ይሁንና ከዚያ ክርክር አንድ ነገር ተረፈ። በዘይት ውስጥ የሕይወት ምልክት ለምን ይገኛል ለሚለው ተቃውሞ ጎልድ የሰጠው መልስ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ በጥልቅ ምድር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስለሚመገቡት ነው የሚል ነበር። ይህንኑ በ1992 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ አስፋፋው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምንም የማይፈልግ፣ ክብደቱ በምድር ገጽ ላይ ካለው ሕይወት ሁሉ ጋር ሊወዳደር የሚችል የሕይወት ዓለም ከእግራችን በታች በጥልቅና በሙቀት ውስጥ ይኖራል አለ። የክብደቱ ግምት የተጋነነ መሆኑን በኋላ የተደረጉት ስሌቶች ያሳያሉ፤ የጥልቁ ሕይወት ግን አለ። ጎልድ በ2004 በ84 ዓመቱ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በኢታካ ከተማ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ምፖኔንግ በተባለ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ 2.8 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ከድንጋይ ስንጥቅ በሚወጣ ትኩስ ውኃ ውስጥ ብቻውን የሚኖር የባክቴሪያ ዘር መገኘቱ ታወቀ፤ በ2008 የውርስ ጽሑፉ በሙሉ ተነበበ። የሚመገበው ግን የጎልድን ሚቴን አይደለም። በዙሪያው ያለው ድንጋይ የያዘው ዩራኒየም በጨረሩ ውኃውን ሲሰነጥቅ የሚፈጠረውን ሃይድሮጂን ነው።